ሲሚንቶ የለበሰው ግድግዳዬ

ሰው ሁሉ ሌባ ይፈራል። በሩን ይቀረቅራል፣ ውሻ ያስራል። ውኃን ግን ማን ይጠረጥራል? በተለይ እኛ የሐይቅ ሰዎች፣ ዓሣውን እያበላ ያሳደገን ውኃ ቤታችንን ያፈርሳል ብለን አናስብም። እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ ስለ ዋናተኛ የሚወራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ግድግዳም ነው።

የእኔ ቤት የጭቃ ቤት ነው። አባ ይመር፣ የሰፈራችን ቤት ሠሪ፣ በደቦ ያቆሙልኝ ነው፤ ጭድ የጠገበ ምርጊት። ዝናብ ቢያረጥበው ፀሐይ ያደርቀዋል። እንደ ሰው ይጠጣል፣ እንደ ሰው ያልበዋል። ለልጄ ለዘሀራ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ ስሰማ ግን ጭቃው አሳፈረኝ። በሲሚንቶ አስለሰንኩት፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ወላሂ፣ የሐይቁ ዓሣ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ያየው ነበር! ዓሣ አንገት የለውም አትበሉኝ፤ ለእኔ ቤት ሲል አበቀለ። ችግሩ፣ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ረዝሞ ቀለሙን ጋረደብኝ። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ላያየው ነው? ክፈፉን አንድ ክንድ አስቆረጥኩት።

አባ ይመር ሲያልፉ አዩትና፣ “አንተ፣ ካፖርት አልብሰህ ባርኔጣውን ወሰድክበት?” አሉኝ። ሳቅሁ። በሰፈሩ ቀልድ የእኔ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው ሲናገረው ቁም ነገር መሆኑ አይገባኝም።

ክረምት መጣ። ከላይ፣ ልስኑ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ውኃው በእሷ ቤተሰቡን ይዞ ገባ። መግቢያ አገኘ እንጂ መውጫ አላገኘም፤ ሲሚንቶው አያሳልፈው፣ ፀሐይ አትደርስበት። ከጀርባው ምርጊቱ ቀለጠ፣ ማገሩ በሰበሰ። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ሆዱን ነፋ፤ ነሐሴ ላይ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር መሰለ። ሳንኳኳው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ስበላም ስሰግድም አንድ ጆሮዬ እሱ ዘንድ ነው።

“ከድጃ፣ ወደዚያ አትጠጊ!”

“አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ግድግዳውን?” ትላለች ባለቤቴ።

እንዲህ ስጨነቅ አንድ እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከች አሉ፤ አባ ይመር ከፊት፣ ዘሀራን የጠየቀው ልጅ አጎት ጋሽ ሰይድ ከኋላ። የክብር መቀመጫው መደብ ያለው ደግሞ ከዚያው ከተነፋው ግድግዳ ሥር! ግቡ ብል እገድላቸዋለሁ፤ ካላልኩ ደግሞ በአገራችን ሽማግሌን ደጅ ማቆም ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። ከድጃንና ዘሀራን በዓይኔ ጠቅሼ ወደ ውጭ አስወጣኋቸው። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ላቤ ይንቆረቆራል።

“ልጃችን አይማታም፣ ጫት አያበዛም” አሉ ጋሽ ሰይድ።

የበሩን መቃን ያዝኩ።

“ሶላት አያልፈውም።”

ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

“ምን አጠፋን ታዲያ? ልጅቷን ነፈግኸን?” ሲሉ ፊታቸው ጠቆረ። የዘሀራ ዓይን እንባ አቀረረ። አፌን ከፈትኩ። ግድግዳው ቀደመኝ።

ዱብ! ወደ ውስጥ፣ ልክ መደቡ ላይ።

አቧራ የለም፤ ጭቃ ብቻ። አባ ይመር በከዘራቸው ጎርጎር አድርገው፣ “ግቡ ያላልከን ለዚህ ነው?” አሉ።

“ለዚህ ነው አባባ። ልጄንማ ሰጥቻለሁ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ፣ ከድጃ እልል አለች። ጋሽ ሰይድ ብቻ አልሳቁም። ሰማያዊውን ስባሪ አንስተው እያገላበጡ፣ “ሆዱን ከነፋ በኋላ ስንት ቀን ቆየ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“ምነው ጋሼ?”

“ሙሽሮቹ የሚገቡበትን ቤት እኛም በጋ ላይ አስለስነን... ክፈፉንም...” አልጨረሱትም። “የልጁ እናት ግድግዳውን ተደግፋ ፈትል ትፈትላለች!” ብለው ባጃጅ ወዳለበት ሮጡ።

አባ ይመር በዓይናቸው ሸኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

“ሰርጉ ይቆየን። መጀመሪያ የሁለት ቤት ጭድ ፈልግ።”