እትዬ ፊርማ እና ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ

ሰፈር የተባለ ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፤ የሚጮህ ውሻና ፊርማ የሚያሰባስብ ሰው። ውሻው ቢያንስ አንዳንዴ ይተኛል።

የእኛ ሰፈር ፊርማ ሰብሳቢ እትዬ ፊርማ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ግን እንኳን ጎረቤቱ ፖስታ አመላላሹም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል፣ ብብታቸው ሥር ያለው ሰማያዊ ማኅደር ከሰውነታቸው ጋር አብሮ የበቀለ የሚመስል ሴት ናቸው። እኩዮቻቸው ጡረታ ሲወጡ አበባ ይተክላሉ። እሳቸው ቅሬታ ይተክላሉ። ደግሞም ይጸድቅላቸዋል።

ለምን እንዲህ እንደሆኑ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ እየተቀበልኩ መደርደሪያ ላይ አስተኝቻለሁ። አሁን ደግሞ ልቀስቅስ እንጂ!»

የምንኖርበትን ከተማ ካላወቃችሁ እሳቸውንም አታውቋቸውም። ሐይቅ አለን። በሐይቁ ዳር ሆቴሎች፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ መዝናኛ ፓርክ፣ ከፓርኩ ጀርባ ደግሞ እኛ። ጎብኚ ከሩቅ አገር ሊያርፍ ይመጣል፤ እኛ አልጋውን እናነጥፋለን፣ ሰሃኑን እናጥባለን፣ ጀልባውን እንወለውላለን። እኔ ራሴ ከሆቴሎቹ በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ጉንጬን በእጄ ማሸት አለብኝ። እንግዲህ ሰፈሩ በጎብኚ ይማረራል፤ በጎብኚም ይኖራል። ሌላው ሰው ይህን ነገር በሆዱ ይዞ ዝም ይላል። እትዬ ፊርማ ግን «በጽሑፍ ይሁን!» ይላሉ።

የተዋወቅነው እዚህ ሰፈር በገባንበት ዕለት ነው። ባለቤቴና እኔ ፍራሽ ግራና ቀኝ ይዘን በሩ ላይ ተቀርቅረናል፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። አንዲት ሴትዮ ከየት መጡ ሳይባል ከጎናችን ቆሙ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ።»

«እንኳን ደህና ቆዩን» አልን ከፍራሹ ጀርባ።

«እዚህ ጋ። ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»

አዲስ ጎረቤት እንቢ አይልም። ፍራሹን በጉልበቴ ደግፌ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ማመልከቻው የጭነት መኪና ወደ መንገዳችን እንዳይገባ የሚጠይቅ ነበር። ቁም ሣጥናችንን የጫነው መኪና ደግሞ ገና እየመጣ ነበር። ደንብ አስከባሪው መኪናውን መታጠፊያው ላይ አቁሞ «ነዋሪው ነው የጠየቀው» ሲለኝ፣ «የቱ ነዋሪ?» ብዬ ጮህኩበት። ወረቀቱን አሳየኝ። የመጨረሻው ፊርማ የእኔ ነበር።

ቁም ሣጥኑን ፈታትተን በሸክም አስገባነው። እትዬ ፊርማም አንዱን መሳቢያ ተሸክመው አገዙን። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አሉኝ ሲያቀብሉኝ፣ አንዳች ሐፍረት ሳይሰማቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ብዘረዝር ማኅደር ይፈልጋል። የጎብኚዎቹን ባቡር ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባቡር ይሉታል እንጂ፣ ቀይ የተቀባ ትራክተር ሦስት ጋሪ ሲጎትት ማለት ነው። ሐይቁን ዞሮ በእኛ መንገድ ይመለሳል። ድምፅ ማጉያ አለው። መስኮታችን ሥር ሲደርስ የተቀዳው ድምፅ «በስተግራችሁ የምትመለከቱት ጸጥታ የሰፈነበት የነዋሪዎች መንደር ነው!» እያለ ይጮኻል። በቀን አሥራ ስምንት ጊዜ! የጎረቤታችን ሕፃን አፉን የፈታው «በስተግራችሁ» ብሎ ነው ይባላል።

እትዬ ፊርማ አመለከቱ። የባቡሩ ባለቤቶች «ማስረጃ ያቅርቡ» አሉ። ይህን ቃል ለእሳቸው መናገር ለተራበ ሰው ማዕድ እንደመዘርጋት ነው። በማግስቱ ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ መጨረሻው፣ አሥራ ስምንቱንም ዙር፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ተሳፈሩ። እስከ ሰባተኛው ዙር ዝም ብለው ጻፉ። በስምንተኛው ላይ ድምፅ ማጉያው «ይህ ድልድይ ሦስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው» ሲል አልቻሉም። ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ውሸት ነው! የድልድዩን ፋይል በእጄ ይዤዋለሁ። ስልሳ ዓመትም አልሞላው!»

ጎብኚዎቹ የትርኢቱ አንዱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ፎቶ አነሷቸው። በአሥራ ሁለተኛው ዙር ሰው ተሰልፎ «ሴትዮዋ ያሉበት ጋሪ የቱ ነው?» ይል ጀመር። ባለቤቶቹ አመሻሽ ላይ መጥተው ሥራ ሊቀጥሯቸው ለመኗቸው። «እኔ ከሳሽ ነኝ፤ ከሳሽ ደመወዝ አይቀበልም» ብለው መለሷቸው። ድምፅ ማጉያው ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በእኛ መንገድ ሲያልፍ ይዘጋል።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ክቡር የከተማው ቅሬታ ሰሚ ኃላፊ ናቸው። ክቡርነታቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅሬታ መስማት ብቻ አይወዱም። እትዬ ፊርማ በፊት በር ሲገቡ እሳቸው በኋላ በር ይወጣሉ። ይህ ዘዴ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። እትዬ ፊርማ ሲደርሱበት አልተቆጡም። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የመሥሪያ ቤቱ የኋላ በር ደረጃው ከፍ ያለና መደገፊያ የሌለው በመሆኑ አቅመ ደካሞች ሊገለገሉበት አልቻሉም።» ክቡርነታቸው ጉዳዩ ቀላል መስሏቸው ሳያነቡ ፈቀዱ። ጥሩ መወጣጫ ከብረት መደገፊያ ጋር ተሠራ። በመጀመሪያው ቀን የወጡበት እትዬ ፊርማ ናቸው፤ መሃል ላይ ክቡርነታቸው ሲወርዱ ተገናኙ። «እንዴት አደሩ፣ ክቡር ኃላፊ?» አሏቸው መደገፊያውን እንደያዙ። «እጅግ ይመቻል። እግዜር ይስጥልኝ።»

እንግዲህ አስቄ አስቄ ወደማያስቀው ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ከተማው ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስን ከእኛ ሰፈር ሊያነሣው አሰበ። ዘጠኝ ቁጥር በሰፈራችን አልፎ በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቶቹ በኩል ወደ ሆቴሎቹ ይሄዳል። አሳቡ ከሐይቁ ዳርቻ እስከ መዝናኛው ፓርክ እየተመላለሰ ጎብኚ ብቻ እንዲያመላልስ ነበር። አሳቡን ያመጡት ሆቴሎቹ ናቸው። ከሆቴሎቹም ግንባር ቀደሙ የእኔ።

ሥራ አስኪያጃችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። «አንተ እዚያ ሰፈር አይደል የምትኖረው? ማክሰኞ ሕዝባዊ ስብሰባ አለ። ነዋሪው ለውጡን በደስታ እንደሚቀበለው ትናገራለህ» አሉና የተተየበ ወረቀት ሰጡኝ። ባለቤቴ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆስፒታል የምትሄደው በዘጠኝ ቁጥር ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «እሺ» የሚል ቃል ወጣ።

ቤቴ ገብቼ የእትዬ ፊርማን ማንኳኳት መጠበቅ ጀመርኩ። ምን ብዬ ልመልሳቸው ነው? አሞኛል ልበል? ሥራ ላይ ነኝ ልበል? በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች፦

«መጡ» አለችኝ።

«የለም በያቸው!»

«ቆይ... አለፉ።»

«እንዴት አለፉ?»

«አለፉና! የጎረቤታችንን እያንኳኩ ነው። አሁን ደግሞ ቀጥሎ ያለውን።»

መጀመሪያ እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን ከእራት በላይ አልቆየም። እትዬ ፊርማ እኔን ዘለው አያውቁም። ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎኝ ሳለ እንኳ ትራሴን አስተካክለው አስፈርመውኛል። ነገሩን ሰምተዋል ማለት ነው። ከሰው አልቆጠሩኝም ማለት ነው። በሕይወቴ ፊርማዬን ስላልተጠየቅሁ እንቅልፍ ያጣሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሥራ አስኪያጃችን ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ወረቀቴን ኪሴ ይዤ ከመሃል። እትዬ ፊርማ ማመልከቻቸውን ቆመው አነበቡ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ። ስብሰባውን የሚመሩት ክቡር ቅሬታ ሰሚ ኃላፊ ገጾቹን አገላበጡና ፊታቸው በራ።

«ይቅርታ እትዬ፣ እዚህ ውስጥ አንድም የሆቴል ሠራተኛ አልፈረመም። አውቶቡሱን አብዝተው የሚጠቀሙት ደግሞ እነሱ ናቸው። እነሱ ካልተቃወሙ ቅሬታው የማን ነው? ይኸው አንዱ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ለውጡን ደግፈው ሊናገሩ ነው የመጡት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዱ «አድርባይ!» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ዝም በሉ!» አሉ እትዬ ፊርማ። ያን ያህል ድምፅ ከእኚያ አጭር ሴትዮ ይወጣል ያለ ማንም አልነበረም። «ያንን ልጅ እንዳትነኩት! ያልፈረመው ስላልጠየቅሁት ነው። የሆቴል ሠራተኛ ያለበትን በር እየቆጠርኩ ዘልያለሁ። ሃምሳ ሦስት በር ነው። ነገ ስማቸው አለቃቸው ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ከሥራ የሚወጡት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ወረቀት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ መዝገብ ቤት ያደገ ያውቃል። ፊርማው ያንሳል ካላችሁ ይነስ! እነሱን ግን ተዉአቸው።»

ሳላስበው ተነሣሁ። ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁም።

«እኛ ሆቴል ስልሳ ሰው ይሠራል» አልኩ። «ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁላችንም የምንመጣው በዘጠኝ ቁጥር ነው። ዘጠኝ ቁጥር ከቀረ ጎብኚው በአውቶቡስ ተንደላቆ ይመጣል። ከዚያ አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፤ እንቁላሉንም ራሱ ይጠብሳል። እኔም ባለቤቴን ሆስፒታል አዝዬ እየወሰድኩ ስለምሆን ቁልፉን የሚሰጠው አያገኝም።»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደፊት መጣ። የሌሎቹ ሆቴሎች ሰዎች እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ይህን ሒሳብ ማንም አላሰበውም ነበር።

«እፈርማለሁ!» አልኩ ሞቅ ብሎኝ።

«አይቻልም» አሉ እትዬ ፊርማ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩኝ። «የፊርማው ጊዜ ትናንት ተዘግቷል። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝለት።»

ዘጠኝ ቁጥር አልተነሣም። ሆቴሎቹ ለጎብኚው የራሳቸውን ሚኒባስ አቆሙ። ሥራ አስኪያጃችን ለሦስት ሳምንት አኮረፉኝ። በአራተኛው ሳምንት ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ያ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው? መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች» አሉኝ።

የዚያ ማክሰኞ ነገር ሲነሣ ግን የሚታወሰኝ ስብሰባው አይደለም። ስንመለስ ከእትዬ ፊርማ ጋር ዘጠኝ ቁጥር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህማ ትፈርም ነበር። አውቅሃለሁ እኮ፤ አንተ እንቢ ማለት አታውቅም።» ጫማቸውን በእግራቸው ገፍተው አወለቁ። «ደክሞኛል፣ ልጄ» አሉና ጥቂት ሳይቆይ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

መውረጃችን ደረሰ። አልቀሰቀስኳቸውም። መውረጃችን አለፈ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሾፌሩ በመስታወቱ አየን።

«አይወርዱም እንዴ?»

«ተኝተዋል» አልኩት በሹክሹክታ። «መልሰህ ውሰደን።»

ዞር ብሎ አተኩሮ አያቸው። «እሳቸው ናቸው? እኔን እኮ ሦስት ጊዜ ከሰውኛል! አንዴ በሬዲዮው፣ አንዴ በፍሬን አያያዜ፣ አንዴ ደግሞ በፊቴ።»

«በፊትህ?»

«ተሳፋሪ ላይ ይኮሳተራል ብለው።»

እንደገና አያቸው። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ በእንቅልፋቸውም ማኅደሩን አልለቀቁም። ሾፌሩ እጁን ሰደድ አድርጎ ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያም ያንን ሁሉ ብረት፣ የተኛ ሕፃን አዝሎ እንደሚራመድ ሰው፣ ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰው።