ወይንሸት «በሞቴ» ማለት ያቆመች ሰሞን

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጸዳለ ናት። ጸዳለ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ የቁርሱን ጋሪ ከክፍል ክፍል የምትገፋው እሷ ስለሆነች በዚያ ቤት የሚያመልጣት ነገር የለም። እኔ ያላየሁትን እሷ አይታዋለች፤ እሷ ያላየችውን ደግሞ እኔ በግድግዳ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ሆላንድ፣ የዴን ሃግን ከተማ ግድግዳ ታውቁታላችሁ፤ ከጎረቤት የሚለየን ወረቀት ነው፣ እሱም ስስ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው ቤት ሄዳችሁ «ብሉ» ስትባሉ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋችሁ ባይዞርም «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አይደለም? ሁለተኛ ሲሏችሁ «እውነቴን ነው፣ ጥግብ ብያለሁ» ትላላችሁ። ሦስተኛ «በሞቴ!» ሲመጣ ግን «ኧረ ሞትሽን አልሻም» ብላችሁ እጃችሁን ልትታጠቡ ትነሳላችሁ። የመጀመሪያው እንቢታ ለአስተዳደግ ነው፣ ሁለተኛው ለሐሜተኛ፣ ሦስተኛው ላይ ሆድ ራሱ ይናገራል። እዚህ አገር ግን ብስኩት ያለበትን ቆርቆሮ ከፍተው አንዴ ይጠይቋችኋል፤ «አይ» ካላችሁ ክድን! ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ አገር በጨዋነቴ ምክንያት ተርቤ ነው የጨረስኩት።

ወደ ወይንሸት ልምጣላችሁ። ወይንሸት ጎረቤቴ ናት። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራይስዋይክ በምትባል አጎራባች ከተማ ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ማልቀስ ሲጀምር፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ ደብተር ገዝታ ነርስ ትምህርት ቤት ገባች። ሐኪም አጠገብ ቆሞ መቀስ የሚያቀብለው ነርስ አይደለም፤ የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ ስኳር የሚለካው ነው። እንደ ነጮቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አስራ ምናምን ነበር። አብረዋት የሚማሩት የልጇ እኩዮች ናቸው። «በዚህ ዕድሜዋ!» ያለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ብያለሁ፤ ምን ይደበቃል።

ይሁን እንጂ ሙያውን የተማረችው በእኔ ገላ ነው። እኔና ትምህርት የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም፣ በሽተኛ ሆኖ ለመተኛት ዲፕሎማ አይጠየቅም። ግፊቴን ትለካለች፣ ደህናውን እግሬን በፋሻ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን እንደ ተጠቀለልኩ በር ብከፍት ፖስተኛው ደንግጦ እስከ ሶፋዬ ደግፎ መለሰኝ። ሕመም ሳይኖረኝ እንዲያ የታዘነልኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ቀስ በቀስ ሁሉንም አለፈች። የመድኃኒቱን ስሌት አለፈች፣ ሆላንድኛውን አለፈች። የቀራት አንድ የተግባር ፈተና ነበር፤ እሱም ጸዳለ በምትሠራበት መጦሪያ ቤት፣ የዘጠና ዓመቷን ባልቴት ሜቭራው ስሚትን፣ ወይዘሮ ስሚት እንደ ማለት ነው፣ አልብሳ ቁርስ ማብላት። ሕጉ ሁለት ነው፦ ሴትዮዋ የሚችሉትን ራሳቸው ያድርጉ፤ «አይ» ካሉ ደግሞ አይ ነው። ወይንሸት ሕጉን እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሏ ትወጣዋለች። እጇ ግን አልተማረም።

ሜቭራው ስሚት ከሹራባቸው ቁልፍ ጋር ሲታገሉ ወይንሸት ነጥቃ ቆለፈችላቸው። ጸጉራቸውን አበጠረችላቸው። ዳቦ ስታቀርብላቸው «አይ፣ አንድ ይበቃኛል» አሉ። በዚህ ጊዜ የእናቷ ልጅነት ተነሳባት። «በሞቴ!» አለች። ያውም በሆላንድኛ! ቃል በቃል ገልብጣው፣ «በእኔ ሞት!»

«ማን ሞተ?» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው።

«እስካሁን ማንም። ካልበሉ ግን እኔ ልሞት ነው።»

ባልቴቷ ምን ያድርጉ? ሰው ከሚሞት ብለው ሦስት ቁራጭ በሉ። ጸዳለ በሩ ላይ ጋሪዋን ይዛ ስታይ ነበር፤ ሴትዮዋ እንዲያ ሲበሉ አይታ እንደማታውቅ ትምላለች። ፈታኟ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ተማሪዋ የታካሚዋን ፈቃድ ጥሳለች። በቁርስ ላይም ስለ ሞት አውርታለች።»

ወደቀች።

አንድ ዕድል ብቻ ቀራት። እሱ ካመለጠ ሦስት ዓመት ልፋት ውኃ በላው፤ ተመልሶ ራይስዋይክ፣ ተመልሶ ባልዲ፣ ተመልሶ ያ ደረጃ። ሻወር ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ሰው የማይሰማት መስሏታል። በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ተነሽ! ከዛሬ ጀምሮ ሜቭራው እኔ ነኝ። እንቢ የማለቱን ሥራ ለእኔ ተይው።»

ተቀመጥኩ። ሳምቡሳ በትሪ ይዛ መጣች። «እትዬ በላይነሽ፣ ሳምቡሳ ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

ትሪውን አስቀምጣ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። እኔም ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ።

«ወይንሸት?»

«አቤት።»

«በቃ? በዚሁ ቀረ?»

«እርስዎ ነዎት እንቢ ያሉት፤ ፈቃድዎን አከብራለሁ» ብላ ሳምቡሳውን ወደ ወጥ ቤት መለሰችው። በገዛ ምክሬ ጾሜን ዋልኩ። በማግስቱም እንዲሁ። እንደ ሠለጠነች «እሺ» ብል ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። አፌ እንቢ ካለ በኋላ እኮ ነው ሆዴ የሚነቃው!

ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንል ትምህርቱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ምሳ እሷ ቤት ነበር። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን አንድ ዙር ጨርሰው ተቀምጠዋል።

«ጋሽዬ፣ ይጨመርልዎት?»

«አይ ልጄ፣ በቃኝ» አሉ፣ ዓይናቸው ዶሮው ላይ፣ ሳህኑን በሁለት ጣት ብቻ ከልለው። በሁለት ጣት የተከለለ ሳህን ምን ማለት እንደሆነ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ወይንሸት ሳህኑን አነሳችው!

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ኧረ ምንም! እንደ ፈቃድዎ ነው ያደረግሁት።»

ወሬው ማክሰኞ ሳይደርስ ዛንዳም ከተማ ገባ፣ ሮተርዳምን አዳረሰ። «ነርስ ልትሆን ነው አሉ፤ ገና ሳትሆን ሽማግሌ በረሃብ ልትጨርስ!» ማን አዳረሰው አትበሉኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ያው ክፍል፣ ያው ፈታኝ፣ በሩ ላይ ያው ጋሪ። ሜቭራው ስሚት ከቁልፎቹ ጋር ሲታገሉ ወይንሸት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ አየች፤ አልነካችም። ፈታኟ «ጎሽ» በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ዳቦው ቀረበ።

«ዳቦ ይፈልጋሉ?»

«አይ» አሉ ሴትዮዋ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«እሺ፣ እንደ ፈቃድዎ።» ትሪውን አነሳች።

ሜቭራው ስሚት ዞር ብለው አዩዋት። «ይኸው ነው?»

«አዎ፣ ሜቭራው።»

«ባለፈው ልትሞቺልኝ አልነበር? ዛሬ አትሞቺልኝም?»

የፈታኟ ብዕር ቆመ። ወይንሸት ብትለምን ወደቀች፤ ዝም ብትል ደግሞ ሴትዮዋ ሊያለቅሱ ነው። ጎንበስ ብላ፣ ከመማሪያ መጽሐፏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቀች። «ሜቭራው፣ እርስዎ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?»

«እንቢ ማለት እፈልጋለሁ» አሉ። «ከዚያ አንቺ እንድትለምኚኝ። ልጆቼ አንዴ ይጠይቁኝና ይከድኑታል።»

ወይንሸት ወደ ፈታኟ ዞረች። «ፈቃዳቸው ነው» አለች።

ፈታኟ ወረቀቷን አገላበጠች። ስለ እንዲህ ዓይነት እንቢታ የተጻፈ ሕግ የለም። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። «ቀጥዪ» አለች።

«በሞቴ!» አለች ወይንሸት። ሁለት ሳምንት ታፍኖ የከረመ በሞቴ ነበርና ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሜቭራው ስሚት አንዴ «አይ» አሉ፣ ሁለቴ «አይ» አሉ፣ ከዚያ አራት ቁራጭ በሉ። ጸዳለም መቼም ዝም አይሆንላት፣ ለፈታኟ አንድ ዳቦ ቀብታ ዘረጋችላት። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች ፈታኟ። ጸዳለ ተፈታኝ አይደለችም፤ ሕጉ አይመለከታትም። ሦስተኛው ላይ ፈታኟም በላች።

እዚህ አገር ልጅ ፈተና ሲያልፍ የትምህርት ቤት ቦርሳው ከባንዲራ ጋር በመስኮት ይሰቀላል። ወይንሸት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ቦርሳዋን ሰቀለች። መንደሩ ሁሉ «ለልጅሽ እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «አሜን» እያለች አለፈች።

ወይንሸት ዛሬ ዴልፍት ከተማ በቋሚነት ተቀጥራ ትሠራለች። ሜቭራው ስሚት በሁለተኛው ክረምት አረፉ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው ነበር። ጋሽ መኮንን አሁን በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ይላሉ። ጸዳለ ጋሪውን እየገፋች ነው። እኔ አሁንም እሷ ቤት መጀመሪያ «አይ» እላለሁ፤ ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ።