የጎረቤት መጋዝ

ጎረቤቱ እስኪገዛው ድረስ ምንም ዕቃ የማያምረው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ገበያ መሀል ሲያልፍ ዞር ብሎ አያይም፤ ሚስቱ «ይቺን ብንገዛስ?» ስትለው «ምን ልታደርግልን!» ብሎ ይገላገላታል። ያቺው ዕቃ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ስትል ግን ምሳው አይወርድለትም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጎረቤት ያማል፤ ሐሜቱ ግን ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው። በወጉ መቅናት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ጥሩ ዓይን ይፈልጋል፣ አጥሩም ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ሰፈር፣ ይህን ሁሉ አሟልተው የተገኙት የተከበሩት የጂኦግራፊ መምህር አቶ ኤርካሎ ናቸው።

ክቡርነታቸው ባገኙት ሰው ላይ አይቀኑም። መርጠው ነው የሚቀኑት፤ የመረጡትም የግራ ጎረቤታቸውን ታምራትን ነው። ታምራት የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ምንም አይቀረው። ሰላምታው ረጅም ነው፣ «ጋሼ» ሳይል ስማቸውን አይጠራም፣ ሲያልፉ ከመቀመጫው ይነሳል። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሰውየው ትንሽ ክፉ ቢሆን ኖሮ አቶ ኤርካሎ በሰላም ይጠሉትና ያርፉ ነበር።

ታምራት የግቢውን በር አረንጓዴ ሲያስቀባ አቶ ኤርካሎም በሳምንቱ አረንጓዴ አስቀቡ፤ «የኔ የጥድ አረንጓዴ ነው፣ የሱ የጎመን ነው» አሉ። ታምራት የውሃ ታንከር ሲያሰቅል እሳቸው ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ማማ ላይ አሰቀሉ። ውሃው ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ነቅሎ ባለቤታቸውን ሰገነትን ከነሳሙናዋ ወደ ጓሮ አባረራት። ታምራት የንብ ቀፎ ሲያስገባ ግን ሰገነት በሩ ላይ ቆማ «ወይ እኔ፣ ወይ ንቡ!» አለች፤ ንቡም ቀረ። ስለ እያንዳንዱ ሲጠየቁ የአቶ ኤርካሎ መልስ አንድ ነው፤ «አላማረኝም እኮ! ዝም ብዬ ነው ያየሁት።»

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታምራት ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዶ መጋዝ ይዞ ተመለሰ። ቤንዚን አይጠጣም፣ ገመድ ተስቦ አይነሳም፣ ከኤሌክትሪክ ጋር በሽቦ አይታሰርም። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሰማያዊ፣ ሰንሰለቱ ከክንድ የማይረዝም ነገር ነው። አቶ ኤርካሎ መጀመሪያ ድምፁን ሰሙ። የተማሪ ፈተና እያረሙ ነበር፤ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሄዱ። ታምራት ከአቮካዶው ሥር ቆሞ፣ እሳቸው በእጅ መጋዝ ላብ በላብ ሆነው የሚጥሉትን ቅርንጫፍ፣ እየሳቀ ሲጥለው አዩ። ያ ሳቅ ከመጋዙ ይልቅ ቆረጣቸው።

ይህኛው ቅናት እንደ በሩና እንደ ታንከሩ ቀልድ አልነበረም። ከሰፈሩ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚያወጣ አቋራጭ አለ፤ በእንሰት ጓሮዎች መሀል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቁጥቋጦ ይውጠዋል። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ የሰፈሩ ሰው አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ይመነጥረዋል፤ ሥራውን የሚመሩት ደግሞ ሁልጊዜ አቶ ኤርካሎ ናቸው። የእጅ መጋዛቸውንና ገጀራቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ የቱ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚተው፣ ከየት በኩል እንደሚጀመር የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ተማሪ አይሰማቸውም። ቤት ሰገነት አትሰማቸውም። እዚያ መንገድ ላይ ግን ሰው ሁሉ «ጋሼ ኤርካሎ ምን አሉ?» ይላል። ዓመቱን የሚኖሩት ለዚያች ቅዳሜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እማማ ቦሼ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሴት፣ በታምራት በር ሲያልፉ መጋዙን አይተው ቆሙ። አማርኛቸው ከወላይትኛ ጋር የተጋባ ነው፤ ወንድና ሴትን እንደ ፍቅራቸው ነው የሚጠሩት። «ታምራት ልጄ፣ ዘንድሮ መንገዱን አንቺ ነሽ የምትከፍቺው! ይሄ መጋዝ እኮ ቅቤ ነው የምትቆርጠው!» አሉ። አቶ ኤርካሎ ከቀዳዳዋ ማዶ ይህን ሰምተው ያን ማታ እራት አልበሉም።

በማግስቱ ጥናት ተጀመረ። የተማሪ ፈተና ወደ ጎን ተገፋ፤ ክቡርነታቸው በስልካቸው የመጋዝ ቪዲዮ ማየት ያዙ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት ታምራት «ምላስ» ይለዋል፤ የሱ ምላሷ አጭር ናት፣ ስለዚህ የሳቸው መርዘም አለባት። ሲረዝም ግን ይከብዳል፤ ሲከብድ በአንድ እጅ ከራስ በላይ ይዞ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይቻልም። ሰንሰለቷ ስትላላ ያለ መፍቻ በእጅ የምትጠብቅ ትሁን? ዘይት ራሷ ትጠጣ ወይስ ሰው ያጠጣት? ጣት ሳያስቡት ቢነካት እንዳትነሳ መቆለፊያ አላት? ክብደቱን ለመፈተን የስኳር ፌስታል በቀኝ እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንስተው ሳሎን መሀል ቆሙ፤ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ አላወረዱም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሰገነት።

«ዝም ብዬ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ምርምር በኋላ የተገኘው ውጤት እንዲህ የሚል ነበር፤ የታምራትን ዓይነት፣ ያው ሰማያዊ፣ ያው ስም፣ ምላሷ ብቻ ከሱ የምትረዝም። ታምራትን አንድ ቃል ቢጠይቁት ኖሮ ሁሉንም ዘርዝሮ ይነግራቸው ነበር። ጠይቀው ቢሆን ግን ይቺ ታሪክ ባልኖረች ነበር፤ እሳቸውም አቶ ኤርካሎ ባልሆኑ።

ግዢው በአዲስ አበባ መስመር አውቶቡስ ለሚነዳው ለአንጁሎ በአደራ ተሰጠ። አንጁሎ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ደወለ።

«ጋሼ ኤርካሎ፣ አግኝቻታለሁ። ባለሱቁ ከነባትሪው ነው ያለ ባትሪው እያለ ነው።»

እዚህ ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት ቤታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአቶ ኤርካሎ ቤት ባትሪ ማለት መብራት ሲጠፋ የሚበራው ነው፤ አንዱ ራስጌ፣ አንዱ ማዕድ ቤት፣ አንዱ በር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ታምራት ስለ መጋዙ ሲያወራ የሚለው ቃል ደግሞ «ቻርጅ ላይ ናት» ነው፤ ስልክም ቻርጅ ይደረጋል፣ ማንም ግን ስልኩን ባትሪ ብሎ አይጠራውም።

«ያለ ባትሪው!» አሉ በቁጣ። «እኔ በቀን ነው የምቆርጠው። ባትሪ ቤቴ ሞልቷል።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ባለሱቁ እኮ...»

«አንጁሎ፣ አንተ መኪናህን ንዳ!»

አንጁሎም ነዳ። ካርቶኗ ሶዶ መናኸሪያ ደረሰች፤ በባጃጅ ተጭና፣ በእማማ ቦሼ ዓይን ፊት አልፋ፣ ቤት ገባች። አቶ ኤርካሎ አዲሷን ተማምነው አሮጌውን የእጅ መጋዛቸውን ቀደም ብለው ሁምቦ ላለ ዘመዳቸው ልከውት ነበር። መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉና ካርቶኑን ከፈቱ። የስልካቸውን ቻርጀር ይዘው ቀዳዳ ፈለጉ። ቀዳዳ የለም። ከእጀታዋ በታች ጥርስ እንደረገፈ ድድ ያለ ባዶ ቦታ አለ። ከውስጥ የወጣውን ወረቀት ዘርግተው ሥዕሉን አዩ፤ በዚያ ባዶ ቦታ የሚገባ ጡብ የሚያህል ነገር ተሥሏል። ባትሪ ማለት እሱ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰገነት ገብታ ሥዕሉን አየችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ለማንም ሰው ብትናገሪ!» ብለው አስማሏት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰው መጋዟን ሲጠይቃቸው ምክንያት አላጡም። «ሰንሰለቷ ዘይት እየጠጣች ነው» አሉ። በሌላው ቀን «አዲስ ዕቃ ካላረፈ አይሠራም» አሉ። ታምራት አጥሩ ጋ መጥቶ «ጋሼ፣ ልያት?» ሲላቸው «ተኝታለች» ብለው መለሱለት።

ቅዳሜ ሆነ። አቶ ኤርካሎ ገጀራ ብቻ ይዘው ወጡ፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ። ሰው ሁሉ ታምራትን ከቦ ይሄዳል፤ ሰማያዊዋ መጋዝ እየዘመረች ቁጥቋጦውን ትበላለች፤ እማማ ቦሼ ያጨበጭባሉ። «ጋሼ ኤርካሎ ምን አሉ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ዓርብ ማታ ነፋስ የጣለው የግራቪላ ዛፍ ተጋድሞ ነበር። ሥሩ በአንዱ ጓሮ ድንበር፣ ጫፉ በሌላው ላይ አርፏል፤ መሀሉ አየር ላይ ነው። ታምራት መጋዟን ከላይ ጀመረ። አቶ ኤርካሎ አዩ። እንደዚያ የተንጠለጠለ ግንድ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲቆረጥ መሀሉ ይሰምጥና ብረቱን ነክሶ እንደሚይዝ ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ይቁረጥ! ግንዱ ተንቋቋ፣ ወረደ፣ ምላሷን ነከሰ፤ መጋዟም ጭጭ አለች። ታምራት ቢጎትት፣ ሌሎች ቢያግዙት፣ አልተነቃነቀችም። በመጥረቢያ እንዳይሉት ትሰበራለች። አቶ ኤርካሎ ደስ አላቸው። ደስታው አሳፈራቸው፤ ቢሆንም ደስ አላቸው።

ከዚያ የታምራትን ፊት አዩ። በሰው ሁሉ ፊት ጆሮው ቀልቷል፤ ልክ እንደ ተማሪ ጫማውን ጫማውን ያያል። ያ ፊት አንጀታቸውን በላው።

«እንደዚያ አይቆረጥም» አሉ ከኋላ። «ከላይ ትንሽ ተነክቶ፣ ከሥር ነው የሚጨረሰው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። እማማ ቦሼ ጊዜ አላጠፉም፤ «ኤርካሎ፣ ያንተ አዲሷ መጋዝ የት ሄደች? በባጃጅ ሲመጣ አይቻለሁ! አምጣው እንጂ!»

አሁን ዝም ማለት አይቻልም። መጋዟ ካልመጣች ዛፉ እዚያው ይውላል፤ ከመጣች ባዶ ሆዷን ሰው ሁሉ ያያል። አቶ ኤርካሎ አንዴ ዛፉን፣ አንዴ ታምራትን አዩ። «ሰገነት፣ አምጪያት» አሉ ከሴቶቹ መሀል ለቆመችው ሚስታቸው።

መጋዟ መጣች። ታምራት ተቀብሎ ገለበጣት። ባዶውን ቦታ አየ፤ አቶ ኤርካሎን አየ። ለአፍታ ያህል ዓለም ሁሉ በዚህ ልጅ ምላስ ላይ ነበረች።

«ጋሼ ባትሪዋን ቻርጅ ላይ ረስተዋት ነው» አለ ታምራት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ምንም አይደል፣ ያው ዓይነት ናቸው፤ የኔን እናድርግላት።» ከተነከሰችው መጋዝ ባትሪውን ነቅሎ በረጅሟ ላይ ሰካው። ቀጭ አለ።

አቶ ኤርካሎ ከግንዱ ሥር በርከክ ብለው፣ ታምራት ከላይ ከጀመረው ቁርጥ ትይዩ ወደ ላይ ቆረጡ። የመጋዙ ፍርፋሪ እንደ ገብስ ዱቄት እጃቸው ላይ ዘነበ። ግንዱ ተከፍቶ የታምራትን መጋዝ ሳይጭር ለቀቃት። ሰው አጨበጨበ፤ «ጋሼ ኤርካሎ፣ ከዚህስ ወዴት?» ማለት ተጀመረ። ቀና ሲሉ ግን ታምራት ጭብጨባውን አልሰማም ነበር፤ ረጅሟን ምላስ ትኩር ብሎ እያየ ምራቁን ዋጠ። አቶ ኤርካሎ ያን አስተያየት ከማንም በላይ ያውቁታል።

ማታ እራት ላይ ከልባቸው አዝነው ለሰገነት ነገሯት። «ታምራት እኮ ቀናተኛ ነው! መጋዜን ሲያይ ዓይኑን ብታዪው! ምስኪን፣ ቅናት እንዴት ሰው ያሠቃያል!»

ሰገነት ሳቋን በጉርሻ አፈነችው። አቶ ኤርካሎ ትንሽ አሰቡ፤ ተነሱ፤ መጋዟን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱና ታምራትን ጠሩት።

«እንካ» አሉት። «ነገ የቀረውን አቮካዶህን በዚችኛዋ ሞክረው። አንተ ጋ ትሰንብት።»

ታምራት በሁለት እጁ ተቀበላት። «ጌታ ይባርክዎ፣ ጋሼ። ግን የቱ ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ እኔ አላውቅም። መጥተው ያሳዩኛል?»

«ሥራ ካልበዛብኝ» አሉ አቶ ኤርካሎ ኮስተር ብለው።

በማግስቱ ታምራት ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ አቶ ኤርካሎ ከአቮካዶው ሥር ቆመው ቅርንጫፎቹን እያነጣጠሩ ነበር።