ባዘቶና ጡሩምባ

እኔ ዘፈን እወዳለሁ። ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። የጎረቤት ክራር ግድግዳ ተሻግሮ ሲመጣ ሥራዬን ትቼ እሰማለሁ። የማልወደው ዘፈን ለመስማት ሺህ ሰው መሐል መቆምን ነው። ድምፅ ማጉያው ደረት ይደበድባል፣ አንዱ ትከሻ ይገፋል፣ ሌላው ጆሮ ሥር ያፏጫል። ዝም ብለህ ከቆምክ ደግሞ «አጨብጭብ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ይሉሃል። እስቲ ንገሩኝ፣ ደስታ የግድ ይጩህ ብሎ የደነገገው ማነው?

በቅርቡ የልጅ ልጄን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ጩኸት ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ሐኪሙ «ኦቲዝም ይባላል» አለን። ድምፅ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳታል፣ ሰው ሲበዛባት ትጨነቃለች እያለ አስረዳን። ስለ እሷ እያወራ እኔን የሚያማ መሰለኝ። ሰባ ዓመት «ትዕቢተኛ» ስባል የኖርኩት ለካ ሌላ ስም ኖሮታል! ለእሷ ጆሮ መሸፈኛ ታዘዘላት። ለእኔ በጊዜዬ የታዘዘልኝ ባንዲራ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ሲሞት ለመማር ከትውልድ መንደሬ ከአኖ ወደ ነቀምቴ ገባሁ። ያረፍኩት አዴ ድንቄ ቤት ነው። አዴ ማለት በኛ አገር እማማ እንደ ማለት ነው። ባላቸው ሞተዋል። ጥጥ ፈትለው ያድራሉ፣ እሁድ ከወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። እኔ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፤ እሳቸው ያበሉኛል። ከትምህርት ቤት ብባረር የምመለስበት ቤት አልነበረኝም። ስለዚህ አፌን ዘግቼ እማራለሁ። ዝም አይነቅዝም።

ዳይሬክተራችን የሸዋ ሰው ነበሩ። ሰልፍ ላይ ሳልነቃነቅ መቆሜን አይተው ሰንደቅ ዓላማ ያዥ አደረጉኝ። ሌላው ተማሪ ያካል፣ ዝንብ ያባርራል። እኔ ከቆምኩ ቆምኩ ነው። ደንቡም አጭር ነው፤ ሰንደቁ ሲቆም ሰልፉ ይቆማል፣ ሰንደቁ ሲሄድ ሰልፉ ይከተላል። ለምን ብሎ የጠየቀ በአለንጋ ይገረፋል።

የዘውድ በዓል ደረሰ። ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ በካሚዮን መጣ። ዳይሬክተሩ ሰብስበውን ያልተገኘ ይባረራል፣ ያላጨበጨበ ይባረራል፣ ያልተደሰተም ይባረራል አሉ። ያልተደሰተ! የሰው ደስታ እንደ ጥፍር ንጽሕና በሰልፍ ላይ የሚታይ ነው እንዴ? የእኔ ቦታ የት ሆነ? ከድምፅ ማጉያው አፍ ፊት ለፊት። ሁለት እጄ የሰንደቁን ዘንግ ይዟል። ጆሮዬን በምን ልያዝ? በምላሴ?

ጠዋት ከአዴ ድንቄ እንቅብ ላይ፣ ለፈትል ካዘጋጁት ባዘቶ፣ ሁለት ቁንጥር ወስጄ ጆሮዬን ደፈንኩ። ሁለት ዘፈን ቻልኩ። በሦስተኛው ላይ ዳይሬክተሩ አጠገቤ መጥተው ኖሯል። «ጆሮህ ውስጥ ያለው ምንድነው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ አሉ። ጆሮውን የደፈነ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? በመጨረሻ በጣታቸው መዘው አወጡት። በዚያው ቅጽበት ጡሩምባው ጮኸ።

ከዚያ የማስታውሰው እግሬን ብቻ ነው። ሄድኩ። ሰንደቁን ግን አልጣልኩም፤ ይህም ይታወቅልኝ። ቀጥ አድርጌ ይዤው በበሩ ወጣሁና ወደ ገበያው ቁልቁል ወረድኩ። ጸጥ ሲልልኝ ዞር አልኩ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከኋላዬ ነው! በአራት በአራት ተሰልፎ፣ እግር እየመታ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?» አለኝ የቅርቡ ልጅ።

«አላውቅም።»

«እሺ» አለና መከተሉን ቀጠለ።

ሙዚቀኞቹ እዚያው ትምህርት ቤት ቀርተው ለሹማምንቱና ለባዶ ሜዳ ይነፋሉ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ የመባረሪያዬን ደብዳቤ አዘጋጁ። ንጉሠ ነገሥቱን ንቀሃል፣ ተማሪ አሳምፀሃል ይላል። «ጮኸብኝ» አልኳቸው። «የጃንሆይ በዓል ጮኸብኝ ትላለህ?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እውነት መናገር ምን ያደርጋል?

ደብዳቤው ሳይፈረም አዴ ድንቄ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ተረድተውታል። ይህ ልጅ ዓለማዊ ዘፈን ላለመስማት ጆሮውን ደፍኗል፣ ጓደኞቹንም ከጥፋት መርቶ አውጥቷል፣ በእምነቱ ሊቀጣ አይገባም አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አዴ ድንቄም «ኢልማ ኮ፣ ልጄን!» እያሉ አለቀሱ። ዳይሬክተሩ የሃይማኖት ክርክር ወደ ላይ እንዲሄድባቸው አልፈለጉም። ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር መንገድ ላይ ነኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ እንደ ጽድቅ ተቆጠረልኝ፤ ደብዳቤው ተቀደደ።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ልጅማ በከንቱ አይቀመጥም ብለው ከመዘምራን ጋር አቆሙኝ። ከማን አጠገብ? ከጡሩምባ ነፊው! የሰው ልጅ ምድራዊውን ጡሩምባ ከሸሸ ሰማያዊውን ይወዳል ያለው ማነው? ጡሩምባ ጡሩምባ ነው። ባዘቶ እንዳላደርግ ደግሞ ይህ መዝሙር ነው፤ በዘፈን ላይ ጆሮውን ደፍኖ የተመሰገነ በመዝሙር ላይ ቢደፍን ምን ሊባል ነው? ሦስት ዓመት፣ እሁድ በእሁድ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አዴ ድንቄ ከፊት ወንበር ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አስረው፣ ፊታቸው እንደ መልአክ በርቶ ያዩኛል። ምን ዓይነት መንፈሳዊ ሴት ናቸው እል ነበር። እቀናባቸውም ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ልሄድ የመጨረሻው እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሻሻቸውን ሲፈቱ አየኋቸው። ከቀኝ ጆሯቸው አንድ ቁንጥር ባዘቶ መዘዙ። ከግራው ሌላ።



«ምን ታፈጣለህ?» አሉኝ። «ያ ሰውዬ ሲነፋ ራሴን ሊፈነክተው ነው። ያን ጊዜ ከእንቅቤ የጎደለው ባዘቶስ ለምን እንደ ሄደ የጠፋኝ መስሎሃል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ መቼ ትናገራለህ?»

ያኔ ገባኝ። ጥፋቴ ጆሮዬን መድፈኔ አልነበረም። ሻሽ አለማሰሬ ነው።