መስመር ያልወጣለት ጡሩምባ

ሰዎቹ፦ መኳንንት፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና የእድሩ ጸሐፊ። ጋሽ ነገሬ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊና ዕቃ ጠባቂ።

(ዘመኑ ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት ዘመን ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ያለው የእድሩ ዕቃ ቤት። ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደራርበው፣ ትልልቆቹ ድስቶች ተደፍተው ይታያሉ። መኳንንት ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ በማስመሪያ ይስላል። ጋሽ ነገሬ ጡሩምባቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ወረቀቱን ያያሉ።)

ነገሬ፦ እንቁላል ነው።

መኳንንት፦ እንቁላል አይደለም አልኩ እኮ ጋሽ ነገሬ! መነሻ ነው።

ነገሬ፦ እንቁላልም እኮ መነሻ ነው። ዶሮዋ ከየት መጣች?

መኳንንት፦ ኧረ በፈጠረዎት! ሥራው የሚጀመርበት ቦታ እንዲህ ሞላላ ሆኖ ይሳላል። ሥልጠናው ላይ ያስተማሩን እንደዚህ ነው።

ነገሬ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቁላል ስትስሉ ከረማችሁ?

መኳንንት፦ መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ሊገባ ነው። ለኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከመሠራቱ በፊት፣ ሥራው ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት እንደሚደርስ በሥዕል መታየት አለበት። አለቃዬ “እያንዳንድሽ የምታውቂውን ሥራ ስለሽ አምጪ” አሉን። እኔ የእድራችንን መረጥኩ። ነገ ጉባኤው ካጸደቀው እድሩም የሚሠራው በዚሁ ወረቀት ይሆናል።

ነገሬ፦ ሥራውን እኮ እናውቀዋለን። ምን ያስስለዋል?

መኳንንት፦ ማሽኑ አያውቀውማ! ማሽን ሞኝ ነው። የተሳለለትን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ከራሱ አንዲት ነገር አይጨምርም።

ነገሬ፦ ምስኪን። (ጠጋ ብለው) እንቁላሉ ውስጥ ምን ተጽፏል? ቆይ፣ ራሴ ላንብበው፤ መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለመቼ ነው። “ሰ... ው... ሞ... ተ።” ማን?

መኳንንት፦ ማንም።

ነገሬ፦ ስም የሌለው ሰው እንዴት ይሞታል? ለቀስተኛው ማንን ብሎ ያልቅስ?

መኳንንት፦ እሺ፣ ለምሳሌ እትዬ ተሻለች...

ነገሬ፦ (ደንግጠው) ተው! ሴትዮዋ ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው።

መኳንንት፦ ጋሽ ጀይሉ ይሁና።

ነገሬ፦ ጀይሉ ልጁን ሊድር ነው። የሰው ሠርግ ልታበላሽ?

መኳንንት፦ በቃ የራሴን እጽፋለሁ! እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አልፈራም። (ይጽፋል) “መኳንንት ሞተ።” ደስ አለዎት?

ነገሬ፦ ነፍስ ይማ... ኧረ ምን አስባለኝ! እግዜር ያቆይህ። ከዚያስ?

መኳንንት፦ ይቺ ቀስት ወደዚህ አራት ማዕዘን ትወስዳለች። “ለጸሐፊው ይነገራል።”

ነገሬ፦ ጸሐፊው አንተ አይደለህ እንዴ?

መኳንንት፦ ነኝ።

ነገሬ፦ እና ሞተህ መጥተህ ለራስህ ትነግራለህ?

መኳንንት፦ ምሳሌ ነው ጋሽ ነገሬ!

ነገሬ፦ አይ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ ለማለት ነው። ይኼ በጫፉ የቆመውስ? ይኼ የባለቤቴ ነጠላ ጥለት ላይ አለ።

መኳንንት፦ ጥያቄ ሲኖር ነው እንዲህ የሚሳለው። “ሟቹ አባል ነው?” ካልሆነ በጎን ይወጣል፤ ከሆነ ወደ ታች ይቀጥላል። “ማስታወቂያ ይለጠፋል።” “ድንኳን ይተከላል።” “ተቀበረ።” አለቀ።

ነገሬ፦ ሁለተኛው እንቁላል። (ቀስቶቹን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ይከተላሉ። እንደገና ይከተላሉ።) መኳ።

መኳንንት፦ አቤት።

ነገሬ፦ እኔ የት ነኝ?

መኳንንት፦ (እርሳሱን እየቀረጸ) እርስዎ... እዚህ ውስጥ የሉም።

ነገሬ፦ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ነው?

መኳንንት፦ አይደለም። ማስታወቂያ ከተለጠፈ ጡሩምባ ምን ያደርጋል? ዛሬ ሰው ሁሉ ያነባል፤ እርስዎም ያነባሉ። ይረፉበት እንጂ! በዚያ ውርጭ እየዞሩ “ኧረ ጉሮሮዬን” ይሉ አልነበር?

ነገሬ፦ ጉሮሮዬን አልኩ እንጂ አንሱኝ አልኩ? (ጡሩምባውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው) እኔ ለሽማግሌና ለአራስ አንድ ዓይነት አልነፋም። ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ማንን ሊያለቅስ እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ መስመር እንኳ? እዚህ ጥግ ላይ?

መኳንንት፦ ሥዕሉ ይበላሻል።

ነገሬ፦ እሺ።

መኳንንት፦ አይቀየሙኝ እንግዲህ። ይልቅ ከሥር ካርቦን አድርጌ ነበር፤ ቅጂውን ማዞሪያው ላይ ካለው ሰሌዳ ይለጥፉልኝ። ሰው ከጉባኤው በፊት ይየው። እኔ መርካቶ ደርሼ ቀለም ገዝቼ እመጣለሁ።

ነገሬ፦ እንዳለ ልለጥፈው?

መኳንንት፦ እንዳለ! አንዲት ፊደል አይጨምሩ፣ አንዲት ፊደል አይቀንሱ።

ነገሬ፦ እንደ ማሽኑ።

መኳንንት፦ እንደ ማሽኑ! አሁን ገባዎት።

(ሁለቱም ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ መኳንንት የቀለም ጠርሙስ ይዞ በአቋራጭ ይመለሳል። ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው። ጋሽ ነገሬ ብቻቸውን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ጡሩምባቸውን ይወለውላሉ።)

መኳንንት፦ ተዘረፍን! ድንኳኑስ?

ነገሬ፦ ወጥቷል።

መኳንንት፦ ወንበሮቹስ?

ነገሬ፦ እነሱም ወጥተዋል።

መኳንንት፦ ድስቶቹ!

ነገሬ፦ ሴቶቹ ወሰዷቸው።

መኳንንት፦ ማን ሞቶ ነው?

ነገሬ፦ (ረጋ ብለው) ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

መኳንንት፦ (ወደ ወረቀቱ ሮጦ) “መኳንንት...” ስሜ ሳይጠፋ ለጠፉት?

ነገሬ፦ አንዲት ፊደል አልቀነስኩም።

መኳንንት፦ ወይኔ! ዛሬ አማቴ ከአስኮ ይመጣሉ! ልባቸው ደካማ ነው! በዚያ ሰሌዳ ሥር ነው የሚያልፉት!

ነገሬ፦ እትዬ ብርቅዬ? አልፈዋል። ጥላቸውን ይዘው ሰሌዳው ሥር ቆመው ነበር።

መኳንንት፦ ቆመው? ጮኹ?

ነገሬ፦ አልጮኹም። ጎንበስ አሉ።

መኳንንት፦ ራሳቸውን ይዘው?

ነገሬ፦ እግራቸውን ይዘው።

መኳንንት፦ ጉልበታቸው ከዳቸው ማለት ነው! ይነሡ ጋሽ ነገሬ! ጡሩምባውን ይያዙና “መኳንንት አልሞተም” እያሉ ሰፈሩን ይዙሩልኝ!

ነገሬ፦ ደስ ባለኝ። ግን በየት በኩል ልውጣ? ከሞተ ወደ አልሞተ የሚመልስ ቀስት የለም። ፈልጌዋለሁ።

መኳንንት፦ ቀስቱን ይተዉት!

ነገሬ፦ ደግሞ እኔ ሥዕሉ ውስጥ የለሁም። የሌለ ሰው እንዴት ይነፋል?

መኳንንት፦ እስልዎታለሁ! አሁኑኑ! (እርሳስ ያነሣል)

ነገሬ፦ በእርሳስ አይሁን። ላጲስ አለ።

መኳንንት፦ (ቀለሙን እየከፈተ፣ እጁን እየቀባ) በቀለም! “ጡሩምባ ነፊው ለሰፈሩ ይናገራል።” ይኸው!

ነገሬ፦ ትንሽ ጠበበኝ። ጡሩምባው ረጅም ነው።

መኳንንት፦ ሰፋ! ሌላ?

ነገሬ፦ ከኔ በላይ ያቺን የነጠላ ጥለት አድርግልኝ። “ሰውየው በእውነት ሞቷል?” የምትል። አስቀድሜ ሄጄ ልየው።

መኳንንት፦ እሺ! ካልሞተስ?

ነገሬ፦ ቀስቱ ወደ ቤቱ ይመልሰው፤ ምሳውን ይብላ።

መኳንንት፦ ተሳለ! ፈርሜበታለሁ፤ ነገም ጉባኤው ፊት ይኼንኑ አቀርባለሁ። ይንፉ በቃ!

ነገሬ፦ (ፊርማውን በጥንቃቄ አይተው፣ በቀለሙ ላይ እፍ ብለው ካደረቁ በኋላ) ለምን እነፋለሁ?

መኳንንት፦ ለቀስተኛው ይበተናላ!

ነገሬ፦ የምን ለቀስተኛ? ድንኳኑ ሻግቶ አጥር ላይ አሰጣሁት። ወንበሮቹን ትኋን ፈጅቷቸው ፀሐይ ላይ ናቸው። ድስቶቹን ሴቶቹ እያጠቡ ነው። ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።

መኳንንት፦ አማቴስ?

ነገሬ፦ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር፤ አራግፈው ሄዱ። ቤትህ ሆነው ምሳ እየጠበቁህ ነው።

መኳንንት፦ (ቀለም የነካ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ) ታዲያ ወረቀቱን ማንም አላየውም?

ነገሬ፦ እንዴት አይታይ! ከጠዋት ጀምሮ እኮ ሞተህ ነው የዋልከው። አንድ ሰው ቆሞ ከላይኛው እንቁላል እስከ ታችኛው በደንብ አነበበና ጠየቀኝ።

መኳንንት፦ ምን ብሎ?

ነገሬ፦ “ስኳሩ የሚታደለው በየትኛው ቀስት ነው?”