አለቃ አልጫ

ሐኪም ያዳነው ሰው ከሐኪም ይብሳል። በየመንደሩ ከሞት አፋፍ የተመለሰ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ተመልሶም ሌላውን በሰላም የማያስበላ።

ለኛ የወንዝ ዳር መንደር የደረሱን አለቃ አልጫ ናቸው። አለቃነቱን የሾማቸው የለም፤ አልጫነቱን ግን ስኳርና ደም ግፊት ተባብረው ሰጧቸው። ድሮ ጀልባቸው ላይ ሲወጡ ጀልባዋ ወደሳቸው ታጋድል ነበር። ሞተር ከገባ ወዲህ እዚህ የሚቀዝፍ የለማ! ተቀምጠን እንሄዳለን፣ ተቀምጠን እንውላለን፣ ተቀምጠን እንወፍራለን። ከኔ ሱቅ ደግሞ ለስላሳና ብስኩት ጠፍቶ አያውቅም። ታዲያ ክቡርነታቸው አንድ ቀን መሪውን እንደያዙ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ከወንዙ ሽቅብ ያለው ክሊኒክ ከርመው ሲመለሱ ሞተራቸውን ሸጡና መቅዘፊያ ጨበጡ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሱ፤ ቆይተው ደግሞ ሌላ።

እኔ ግን ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ባለቤቴ «አለቃን አየሃቸው? ወገባቸው የጎረምሳ ሆነ እኮ» ትለኛለች፣ ሆዴን ሆዴን እያየች። ድስታችን ከጨው ተፋታ። «ማን አዘዘ?» ብላት፣ «አለቃ ናቸዋ!» አለች። በገዛ ቤቴ!

ተረት እንኳ አልማሯቸውም። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን «ጨው ሆይ፣ ለኛ ስትል ራቅ» አድርገውታል። ሱቄ በር ላይ ለስላሳ የያዘ ሰው ካገኙ «ይቺ ጠርሙስ መቃብር ትቆፍራለች» ይላሉ፤ ደንበኛዬ ጠርሙሷን መልሶ ውልቅ። ለቅሶ ቤት የሟች እህት ሻይ ስትቀዳ ጆሮዋ ሥር ተጠግተው፣ «ስኳሩን ቀነስ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ለጊዜው አንድ ሟች ይበቃናል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሀል የሱቄ ሣጥን ምስማር እግሬን ወጋኝ። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ውሃ ይጠማኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል። ምን እንደያዘኝ አልጠፋኝም፤ ግን አለቃ አልጫ «አላልኩህም?» ሲሉ ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ካልሲ ደራርቤ ዋልኩ። ቅናት እንዲህ ያጃጅላል።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሊመክሩኝ ገቡ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ጀመሩና ድንገት ቀና አሉ። አሸተቱ።

«ካልሲህን አውልቅ።»

«ኧረ ብርድ ነው አለቃ…»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቅኩ። «አላልኩህም?»ን ጠበቅኩ። አላሉም። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሰጡኝ።

ነዳጅ ከመንደሩ ጠፍቶ ሞተሮቹ ሁሉ ቆመዋል። ስለዚህ ጀልባቸው ላይ ጭነውኝ ወደ ክሊኒኩ ሽቅብ፣ ወንዙን እየታገሉ በክንዳቸው ቀዘፉ። ላባቸው ባገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ትንሽ ይረፉ እንጂ።»

«ዝም በል አንተ!» አሉኝ። ቆይተው፣ መቅዘፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «እኔ እኮ ባንተ እቀናለሁ» አሉ።

«በኔ? በዚህ ሆድ?»

«ብስኩትህን ሻይ ውስጥ እየነከርክ ስትስቅ ከሩቅ አይሃለሁ። እኔ በህልሜ እንኳ ስኳር ስልስ ደንግጬ ነው የምነቃው። ሰዉን ሁሉ የምጨቀጭቀው ደግነት ብቻ አይምሰልህ። ብቻዬን መራብ ሰልችቶኝ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጀልባዋ አብራን ተንገዳገደች።

እግሬ ተረፈ፤ ትንሿ ጣቴ ግን ክሊኒክ ቀረች። ነርሷ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብላ አልጨረሰችውም። አለቃ በየቀኑ እየቀዘፉ መጡ፤ ሳህኔን እየበረበሩ፣ ትራሴን እያነሱ እየፈተሹ፣ እየተቆጡኝ።

ታዲያ አንድ ቀን አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ በርሜል የሚያክል፣ ግፊቱ ጣሪያ የነካ ግንበኛ አስተኙ። አለቃ ሲገቡ ለኔ ባገጫቸው ሰላምታ ወርውረው አለፉኝና እሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ጠዋት ምን በላህ?»

ድምፃቸው በርኅራኄ የራሰ ቁጣ ነበር። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ እሳቸውም ጣታቸውን እያወዛወዙ ይጋልባሉ። ታገስኩ፣ ታገስኩ፤ በመጨረሻ አልቻልኩም። በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ።

«አለቃ! የሰው በሽተኛ ከመጀመርዎ በፊት የራስዎን ይጨርሱ እንጂ!»