የቡታጅራው ሞተር በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል

እኔ ውሸታም አይደለሁም። ገልባጭ ነኝ። ልዩነቱን ልንገርህማ፤ ውሸታም ያስባል፣ ገልባጭ አያስብም።

በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ጸሐፊ ነበርኩ። ከተማው ዳር ጣሊያን ጥሎት የሄደ የመብራት ሞተር ቤት አለ። በየዓመቱ የንብረት ሪፖርት ስጽፍ ምን እላለሁ? "ሞተሩ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።" ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ እንዲህ ብሏል፤ ከእሱ በፊት የነበረውም። እኔ ማን ነኝና አፈርሳለሁ? በኩራዝ ብርሃን እየጻፍኩት እንኳ ነገሩ አልከነከነኝም።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ ዱብ አለ። በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኘው ሞተር ተነቅሎ ባስቸኳይ ወደ ወልቂጤ ይላክ ይላል። ክው ብዬ ቀረሁ። ያን ሞተር አንድም ቀን አይቼው አላውቅማ! ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ከሥራ ብባረር ምን ላበላቸው ነው?

እየሮጥኩ ሄድኩ። ዘበኛው አቶ ሽፋ እጅ ነስተው ተቀበሉኝ። በሩ ላይ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቢስሚላህ ብለው ቁልፉን ቢያዞሩት፣ ቢያዞሩት፣ እምቢ አለ። እኛ ስንታገል አንዲት ፍየል ከጓሮ ብቅ ብላ አየችን። ለካ የኋላው ግድግዳ የለም! በዚያ እንግባ ብላቸው ተቆጡ። በር እያለ በፈረሰ ግድግዳ የሚገባ ሌባ ብቻ ነው አሉኝ። ጓጉንቸሩ እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅኩ።

ውስጡስ? ጣሪያው ተገንጥሎ ሰማይ ይታያል። ሲሚንቶው ላይ አራት የዛጉ ብሎኖች ቆመዋል። ከሥር ያለው የሞተሩ ጉድጓድ ግን ሙሉ ነው፤ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የአቶ ሽፋ ሚስት ቆጮ ቀብረውበታል። ውሃ የማያስገባ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በአገሩ የለም አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

"ሞተሩስ?" ብዬ ጮኽኩ።

"ወላሂ ጌታዬ፣ እኔ የተረከብኩት ቁልፍ ነው። ይኸው ቁልፉ!"

እኔስ የተረከብኩት ወረቀት አይደል?

ቢሮ ተመልሼ "ሞተሩ በመልካም ሁኔታ ተልኳል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ አሁን ፖሊስ መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ በር በሩን ሳይ ሰነበትኩ።

ወሩ ሲያልቅ ከወልቂጤው ጸሐፊ ደብዳቤ መጣ። አማትቤ ከፈትኩት። "የላካችሁልን ሞተር በመልካም ሁኔታ ደርሶን፣ ከተማችን መብራት አግኝታለች" ይላል።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ አይደል? የለም፣ በገንኩ! እኛ ጋ ስንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሞተር ወልቂጤ ሲደርስ ይሥራ? ኩራዜን ለኮስኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሞተራችን ይመለስልን።"